ምላሱ አልቀምስም አለ

ጨረቃን በምትዞረው ከተማ ሊጥ ከጠረጴዛው ተነስቶ እንዳይንሳፈፍ ከላይ በነፋስ ይያዛል። የሺመቤት ከለመደችው ቆይታለች። ነገ ገና ነው፤ ለሕፃናቱ የሚታደለውን ብስኩት በኮከብ፣ በበግና በገና ዱላ ቅርጽ ቆርጣ ጋገረች። ለበጎቹ በነጭ የስኳር ክሬም ጠጉር አበቀለችላቸው፣ ዱላዎቹን ቀይ ቀባቻቸው። ግራ ያጋባት ምላሱ ነው።

ምላስ የሚሉት ጣዕም የሚለካውን ማሽን ነው፤ ጫፉ እርጥብ ስፖንጅ የመሰለ ረጅም ክንድ አለው። በከተማዋ ደንብ እሱ ሳይቀምሰው ከማብሰያ ቤት የሚወጣ ምግብ የለም። ዛሬ ግን በጉ አጠገብ ደርሶ ቆመ፣ ከዚያም ወደ ኋላ ተመለሰ። ኮከቡን ሰጠችው፤ ያው ነው። ከምሳዋ የተረፈ ምስር ወጥ ስትሰጠው ግን ወዲያው ነካና «ጨው አንሶታል» አላት።

ጠጋኙ ዳግማዊ መጥቶ ፈታው፣ ገጠመው።

«ምንም አልተበላሸም እትዬ የሺ።»

«ታዲያ ምን ነካው?»

«እኔም አልገባኝም። ያለው መላ አእምሮውን አጥቦ ማስነሳት ነው። ከእርስዎ የተማረውን ሁሉ ይረሳል።»

የሺመቤት የምላሱን ክንድ ዳበሰችው። ሲመጣ ቀረፋና በርበሬ እንኳ አይለይም ነበር።

«ወይ ደግሞ ለዛሬ ብቻ በእሱ ፋንታ እርስዎ ቀምሰው ይፍቀዱ» አላት።

«ቅቤ ያለበትን? በገና ዋዜማ፣ በገሃድ ጾም? አንተ ቅመሰው እንጂ።»

«እኔም ጿሚ ነኝ።»

«ባለፈው ሳምንት ቁርጥ ስትበላ ያየሁህ ሰውዬ?»

«እሱ ሌላ ነው። ገሃድን ግን ሽሬ አላውቅም።»

«እንግዲያው እስከ ነገ እንዳትነካው።»

«ነገም እምቢ ካለ አጥበዋለሁ እትዬ። ልጆቹ እኮ ይጠብቃሉ።»

የገና ሌሊት ቅዳሴ አልቆ ነጠላዋን እንዳጣፋች ስትመጣ ዳግማዊ መፍቻውን ይዞ ቆሟል። ምላሱ በጉ ላይ አዘንብሏል፤ ግን አይነካም። ምን እንደምታደርግ ጠፋት። ርቧትም ስለነበር እግሩ የተሰበረ አንድ በግ አንስታ ገመጠች፣ ለዳግማዊም ግማሹን ሰጠችው።

ይሄኔ ምላሱ ዝቅ ብሎ ብስኩቱን ነካ።

«ቅቤው ደህና ነው። ስኳሩ በዝቷል» አለ።

ዳግማዊ አፉ ውስጥ ያለውን መዋጥ ረሳ። «ጾም ማን አስገባለት? እኔ አላስገባሁም።»

«እኔም አላስተማርኩትም።»

ነገሩ ግን አልለቀቃትም። በየጾሙ ትሪው ላይ ጎንበስ ብላ ታሸት፣ ምራቋን ውጣ ፊቷን ታዞር ነበር። ያንን ሲያይ ኖሮ ይሆን? ማየት ብቻውን ጾም ይሆናል? አይሆንም እንዳትል፣ እሷንም ቁጭ አድርጎ ያስተማራት የለም፤ እናቷን አይታ ነው። እና የሷ ጾም ሆኖ የሱ የማይሆነው በምን እንደሆነ ልትለየው አልቻለችም።

ዱላውን ብስኩት ወደ ምላሱ ገፋችለት። እንደ ወትሮው «ቅመስ» ልትለው አፏን ከፈተችና ተወችው።

«ብላ» አለችው።