ከሳንቃው የተፋቁት

ሰዓሊው ቀለመ ወርቅ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘው አርብ ቀን፣ ገበያው ገና ሳይበተን ነው። ያገኘችው ታላቅ እህቱ ታደለች ናት። ጨውና በርበሬ ገዝታ ስትመለስ የክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ነበር። አልጮኸችም። ዘንቢሏን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ከወንድሟ ጎን ቁጭ አለች። ጎረቤት የደረሰው እሷ ጠርታው ሳይሆን፣ ጨው ሊበደር የመጣ ሰው አይቷት ነው።

ኢንስፔክተር ህይወት ከደብረ ታቦር ተጠርታ አርብ ገበያ ከተማ ስትደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር። እናቷን ከቀበረች ብዙም አልቆየች። በለቅሶው ሰው ሁሉ «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ሲላት እንባ እንቢ አላት። ከዚያ ወዲህ ምግቡም ሥራውም የሰው ፊትም አንድ ሆኖባታል። አሁንም ሬሳው አጠገብ ስትንበረከክ ምንም አልተሰማትም። ዓይኗ ግን እንደ ወትሮው ሥራውን ይሠራ ነበር።

ቀለመ ወርቅ ከኋላው በእንጨት መዶሻ ተመትቷል። መዶሻውና አንድ መሮ እዚያው ወድቀዋል። ጠረጴዛው ላይ አንድ የዋንዛ ሳንቃ አለ፤ ዋርካና ወንዝ ተቀርጾበታል። መሐሉ ላይ ግን ሁለት ቦታ ክፉኛ ተቦጭቋል። ህይወት ጣቷን አስኬደችበት። የዋርካው ቅጠል እያንዳንዱ ጠርዙ የጠራ ነው፤ የተቦጨቀው ደግሞ እንጨቱ እስኪሰነጠቅ ድረስ ተፍቋል። ቀና ብላ የሟቹን ጀርባ አየች። ፍቅፋቂው በረጋው ደም ላይ አርፏል፤ ነጭ እንደሆነ።

«ከሞተ በኋላ የተፋቀ ነው» አለች ለራሷ።

ግድግዳው በሥዕል ተሸፍኗል። በአንድ ወገን ጸጉሯን የምታበጥር ሴት፣ ዝናብ ድልድይ ላይ የደረሰባቸው መንገደኞች፣ ዓሣ ተሸክሞ የሚሮጥ ነጋዴ። በሌላው ወገን ገብስ የሚወቁ ገበሬዎች፣ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች፣ አህያ የሚጭን ሽማግሌ።

«እነዚያኞቹ የጃፓን ናቸው፣ ልጄ» አለች ታደለች ወደ ዓሣ ነጋዴው ሥዕል እያመለከተች። ድምፅዋ ስለ ሌላ ሰው ቤት የምታወራ ይመስላል። «ባሕር ዳር ሲማር ጃፓናዊት መምህር ነበረችው፤ እሷ ናት የሰጠችው። የድሮ ሰዎቻቸው በእንጨት እየቀረጹ ያትሙት ነበር አለኝ። ንጉሥ የለበት፣ ቅዱስ የለበት፤ ሰው ሲውል ሲያመሽ ብቻ። ስሙንም ነግሮኝ ነበር፤ ኡኪዮ... ምን እንደሚሉት።»

«ኡኪዮኤ» አለ በሩ ላይ የቆመው ክንዱ። ለቀለመ ወርቅ ሳንቃ የሚልግለት አናጢ ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«የተፋቀበት መሮ የማን ነው?» አለችው ህይወት።

«የእኔ ነው። ማክሰኞ ሳንቃዎቹን ሳመጣ አውሼው ሄድኩ።»

«ስንት ሳንቃ?»

«ሁለት። አንዱ ይኸው ለጥቁሩ መስመር ነው። ሌላው ለቢጫ ቀለም ነበር፤ ቀርጾ ከጨረሰው በኋላ ጠመመበትና ትናንት ላቃናው ወሰድኩት። ሱቄ ውስጥ ድንጋይ ተጭኖበታል።» ወደ ጠረጴዛው እያመለከተ «ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ሳንቃ አለው። አንዱ ባንዱ ላይ ነው የሚታተመው» አለ።

«ንድፉ በወረቀት የለም?»

«አይተርፍም። ወረቀቱ በፊቱ ተደፍቶ እንጨቱ ላይ ይለጠፋል። ሲቀረጽ አብሮ ያልቃል።»

መሪጌታ አበባው በማግስቱ ጠዋት፣ ከቀብሩ በፊት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አነጋገሯት። ቀለመ ወርቅን ከልጅነቱ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

«ተጣልታችኋል ይባላል፣ አባቴ።»

«እውነት ነው። መላእክትን መሣል የሚችል እጅ አህያ ይሥላል ብዬ ተቆጣሁት። እሱ ግን አልተቀየመኝም። የፋሲካ ሰሞን ቤቴ መጥቶ አዲሱን ሥራ በወረቀት አሳየኝ።»

«ምን ነበር?»

«የታችኛው ወንዝ። ዋርካው በስተቀኝ። ሁለት ሰዎች ይሻገራሉ፤ አንዱ ወጥቷል፣ አንዷ ውኃው መሐል ናት። ገጻቸው አይለይም፤ ከስንዴ ፍሬ አይበልጡም።» መሪጌታ ነጠላቸውን አጣፉ። «ክረምት ላይ ከኮረብታው ሆኜ የነደፍኩት ነው አለኝ። ዶፍ ሲመጣበት ትቶ ሸሽቷል።»

በመጨረሻ ያነጋገረችው የሟቹን የቀኝ ጎረቤት ይግዛውን ነው። ባለፈው ነሐሴ ሚስቱን ፋንቱን ወንዝ ወስዶበታል። እሱ መካነ ኢየሱስ ከተማ ሄዶ ሳለ ብቻዋን ልትሻገር ገብታ ነው ይባላል። ሀገሩ ሁሉ አልቅሶለታል። ህይወት ስትገባ መደቡ ላይ ተቀምጦ ወለሉን ያያል።

«ትናንት የት ዋሉ?»

«ገበያ። ቀኑን ሙሉ።»

«ቀለመ ወርቅ ክፍል ለመጨረሻ ጊዜ የገቡት መቼ ነው?»

«ከፋሲካ ወዲህ አልረገጥኩም።»

«የሚሠራውን ያውቁ ነበር?»

«ያን ጊዜ በወረቀት አሳይቶኛል። ወንዙን ነው የሣለው። በስተግራ ዋርካው አለ፣ ከዚያ ወንዙ ነው።» «ሰው እንኳ የለበትም። ባዶ ነው።»

ህይወት አመስግናው ወጣች። አወቀችው፤ ማወቋም እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ደስታም ኀዘንም አልሰጣትም። ክንዱን ፈልጋ ድንጋይ የተጫነበትን ሳንቃ አምጣ አለችው።

ከቀብር መልስ አራቱንም በሟቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። ክንዱ ጥቁሩን ቀለም በብሩሽ ቀብቶ ወረቀት አለበሰውና በተጠቀለለ ጨርቅ አሸው። ሲገልጠው ወንዙና ዋርካው ወጡ፤ መሐሉ ሁለት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀረ።

«ዋርካው በየት በኩል ነው?» አለች ህይወት።

«በቀኝ» አለች ታደለች።

«ሳንቃው ላይስ?»

ታደለች ጎንበስ ብላ አየች። «በግራ።»

«እንደ ማኅተም ነው። እንጨቱ ላይ የተገለበጠው ወረቀቱ ላይ ይቃናል። መሪጌታ ንድፉን በወረቀት አይተዋል፤ ዋርካው በቀኝ ነው አሉኝ፣ ልክ ናቸው። አቶ ይግዛው፣ እርስዎም በወረቀት ነው ያየሁት አሉኝ። ዋርካውን ግን በስተግራ አደረጉት። በግራ የሚታየው እዚህ እንጨት ላይ ብቻ ነው። እንጨቱ የመጣው ደግሞ ማክሰኞ ነው። ከፋሲካ ወዲህ እዚህ አልገባሁም ብለውኛል።»

«ተሳስቼ ይሆናላ» አለ ይግዛው። «ቀኝና ግራ ለማንም ይምታታል።»

«ይምታታል። ሰው የለበትም ማለት ግን አይምታታም። ንድፉ ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሳንቃውም ላይ ነበሩ፤ ትናንት ቀለመ ወርቅ ከወደቀ በኋላ ተፋቁ። ፍቅፋቂው ደሙ ላይ ነው ያገኘሁት። ይህን ሥዕል ባዶ ሆኖ ያየው የፋቀው ሰው ብቻ ነው።»

ህይወት ለክንዱ በአገጯ ምልክት ሰጠችው። እሱም ሁለተኛውን ሳንቃ ቢጫ ቀብቶ ያንኑ ወረቀት ደረበበት። ሲገልጠው በወንዙ ዳር ካለው ነጭ ቦታ በላይ አንዲት ቢጫ ጃንጥላ ተከፍታ ታየች።

ታደለች እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከሱዳን የመጣችውን ያችን ጃንጥላ በአርብ ገበያ የማያውቅ የለም። ይዟት የሚዞረው ይግዛው ብቻ ነው።

«ያን ቀን መካነ ኢየሱስ አልነበሩም» አለች ህይወት።

ይግዛው ሲናገር የሚያወራው ስለ እርሻ ይመስል ነበር።

«ትናንት ጠራኝ። ጃንጥላውን ሲቀርጽ ነው ነገሩ የገባው። ‹ይግዛው፣ ያን ቀን ነበርክ እንዴ?› አለኝ። በክፋት አልነበረም፤ ሻይ ሊቀዳልኝ ዞረ።» እጁን አየ። «እኔ ቀድሜ ተሻግሬ ነበር። እሷ መሐል ስትደርስ ደራሽ ውኃው መጣ። እጇን ሰጠችኝ። ብዘረጋ እደርስባት ነበር። ይዛኝ ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ። ጃንጥላውን እንደያዝኩ ቆምኩ።»

«አንተ ልጅ» አሉ መሪጌታ፣ «መጥተህ ብትናዘዝ...»

«ፈርቼ ተውኳት ብዬ ለማን ልንገር? ሰው ሁሉ እያለቀሰልኝ።»

ፖሊሶቹ ገብተው በሁለት ወገን ያዙት። አልተወራጨም፣ አልታገለም። ጠረጴዛው አጠገብ ሲደርስ ግን ቆመና ወረቀቱን ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር። ዓይኑ ከጃንጥላው ወደ ወንዙ ወረደ፤ ውኃው መሐል ያለው ነጭ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እሷስ?» አለ።

ክንዱ ፊቱን አዞረ። መልስ የሰጠችው ህይወት ናት።

«የእሷን ቀለም ሳንቃ ገና አልቀረጸውም ነበር። የነበረችው ጥቁሩ ሳንቃ ላይ ብቻ ነው። እርስዎ ፍቀዋታል።»