ከፍ አድርገህ እይ ያለችው ሴት

አርባ ምንጭ ውስጥ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ ተማሪ ተነስቶ ስለ መንፈስ ካወራ «ማስረጃህን አምጣ» ብዬ የማስቀምጥ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ዓይነት ወሬ አላምንም፣ አላምንም ነበር ልበል፣ ይህን ስነግርህም እያፈርኩ መሆኔን እወቅልኝ።

ነገሩ የጀመረው በግራ እግሬ ነው። መጀመሪያ ደነዘዘ፣ ቀጥሎ መጎተት አመጣ፣ አንድ ቀን ሲቀላ ገበያ መሃል ጫማዬ ወልቆ ቀርቶ ሳላውቅ ስሄድ አንዲት ሙዝ ሻጭ ከኋላ ተጣርታ ነገረችኝ፣ እመነኝ፣ የፈራሁት ያን ጊዜ ነው። ሐኪሙ የወገብ ዲስክ ይሆናል ብሎ ኤም አር አይ እንድነሳ ሀዋሳ ላከኝ፣ ከባለቤቴ ከአስቴር ጋር ሄድን።

ማሽኑ ውስጥ ሲያስገቡህ ጆሮህ ላይ ማዳመጫ ያደርጉልሃል፣ ያም ሆኖ ጩኸቱ እንደ መዶሻ ነው። ሊያልቅ አካባቢ ጩኸቱ ቆመ፣ ትንሽ ኮሽታ ሰማሁ፣ ሰው ወደ ማይክ ሲጠጋ የሚሰማው ዓይነት ትንፋሽ ተከተለ፣ ከዚያ አንዲት ሴት በጋሞኛ «ከፍ አድርገህ እይ» አለች፣ ልክ እንደ እኛ እንደ ገረሴ ሰዎች ቃሉን ጎተት አድርጋ። እዚህም ያገሬ ሰው አለች ብዬ በሆዴ ደስ አለኝ። አልጋው ተንሸራተተ፣ ጩኸቱም እንደገና ጀመረ።

ስወጣ ማሽኑን የሚያሠራው ወጣት፣ ቢኒያም ይባላል፣ ብቻውን ነበር። የታዘዘው ወገብ ብቻ እንደነበር፣ እሱ ግን ከወገቤ በላይ ከፍ አድርጎ ሲያነሳ ደረቴ ትይዩ አከርካሪዬ አጠገብ አንድ እብጠት እንዳገኘ ነገረኝ። ያችን በጋሞኛ የተናገረችውን ሴት ላመሰግናት ፈልጌ የት ሄደች አልኩት።

«መምህር፣ እኔ ጋሞኛ አልሰማም» አለኝ። «በአማርኛ ነው የነገረችኝ። ባለቤትዎ መስላኝ ነበር።»

አስቴር ደግሞ ውጭ ወረፋ ከሚጠብቁት ጋር ተቀምጣ ነበር፣ የሰሜን ሰው ናት፣ ጋሞኛዋም ከገበያ አያልፍም።

ቀዶ ሐኪሙ፣ ዕጢው ከነርቩ ልባስ ላይ የበቀለ መሆኑን፣ የካንሰር መልክ እንደሌለው፣ ህብለ ሰረሰሬን ግን እየተጫነ እንደሆነ አስረዱን፣ ቢቆይ እግሬን ላጣ እንደምችልም አልደበቁኝም። ነርቩን ሳይጎዱ ቀስ ብለው ፈልፍለው አወጡት። ከሰመመን ስነቃ የግራ አውራ ጣቴን እንዳንቀሳቅስ ጠየቁኝ፣ ተንቀሳቀሰ፣ አስቴር እግሬን ይዛ አለቀሰች። እጃቸው ይባረክ፣ ዛሬ ቆሜ አስተምራለሁ። ቤተ ክርስቲያን ለምስጋና ስወጣ ሐኪሙንም፣ ቢኒያምንም፣ አስቴርንም በየስማቸው አመሰገንኩ፣ ከእነሱ ቀጥሎ ማንን እንደምል ጠፍቶኝ እንዲሁ ቆሜ ቀረሁ፣ ሰዉ እንባ የያዘኝ መስሎት አሜን አለልኝ።

በቅርቡ ቢኒያም ደወለልኝ። ሌላ በሽተኛ ሲያነሳ ያችው ድምፅ ተመልሳ መጣች አለኝ። እኔ ደስ ብሎኝ፣ አታመንታ፣ ያለችህን ቦታ ፈልግ አልኩት።

«መምህር፣ ቦታ አልነገረችኝም» አለ። «‹በቃ፣ ተወው› ነው ያለችኝ።»

በሽተኛው ማን እንደሆነ ልጠይቀው ነበር፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አልጠየቅኩትም።