የሙሀባ ቦታ

ይህ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ጨለማ አልነበረም፤ እንቅልፍም አልወሰደኝም። «ትኩሳት ነው ያሳየህ» የሚሉኝ አሉ... ይበሉ። እኔ የደረሰብኝን ነው የምነግራችሁ።

ግንቦት 1976 ዓ.ም.፣ ሸዋ ሮቢት። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ።

ቆላችንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በዚያ ሰዓት ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም።

ስሜ ለማ ነው። ያኔ የመንግሥት እርሻው ውስጥ የመስኖ ውሃ አስተላላፊ ነበርኩ። ጎህ ሲቀድ የጀመረኝ ቁርጠት መጣ ሄደ እያለ ቆይቶ፣ ሆዴን እንደ ከበሮ ነፋው። ሰገራ የለም። ፈስ እንኳ የለም። የቀመስኩት ውሃ አረንጓዴ ሆኖ ይመለሳል።

የሥራ ጓደኞቼ በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልቱ ዳር ያለችው ክሊኒክ አደረሱኝ።

የክሊኒኩ ጤና ረዳት ዘውዴ ይባላል። ሆዴን መታ መታ አድርጎ አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ።

«አንጀቱ ተጠማዞ ይሆናል። እዚህ የሚድን አይደለም፤ ደብረ ብርሃን ወስደው ይቅደዱት። በአፉ ምንም እንዳትሰጡት። ውሃም ቢሆን።»

እኔ እጮሃለሁ። ወንድ ልጅ እንዲህ ይጮሃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አጠገቤ ባለው አልጋ ላይ አንዲት ሴት ተኝታለች። ዝም ብላ። ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። ስሟ ሙሀባ ነው። ባሏ አብዱልሃዲ ራስጌዋ ቆሟል።

«መቼ ጀመራት?» ዘውዴ ጠየቀው።

«ከትናንት ወዲያ። መጀመሪያ እንብርቷ ላይ ነበር፤ ኋላ ወደ ቀኝ ወረደ። ትናንት የሚያስቀምጥ መድኃኒት አጠጣኋት... ሆዷን ይጠርግላታል ብዬ።»

«አሁንስ?»

የመለሰችው ራሷ ናት። ፈገግ ብላ።

«አሁን ተወኝ። ጠዋት አንድ ጊዜ ከውስጥ የሆነ ነገር ቧ ሲል ተሰማኝና... ጸጥ አለ። አልሐምዱሊላህ።»

ዘውዴ መዳፉን ሆዷ ላይ አሳረፈ። ቶሎ አላነሳውም። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

አብዱልሃዲን ክንዱን ይዞ ወደ በሩ ወሰደው። በሩ ከኔ አልጋ አጠገብ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ሆዷ እንደ ጣውላ ደርቋል» አለ በሹክሹክታ።

«ተሻለኝ እያለች?»

«አልተሻላትም። ውስጧ የፈነዳ ነገር አለ። እንዲህ ያለ ሕመም በድንገት ሲተው ነው የሚያስፈራው።»

ክሊኒኩ መኪና የለውም። አስፋልቱ ላይ ወጥተው ከአሰብ ጨው ጭኖ የሚወጣ ፊያት አስቆሙ። ሾፌሩ ሽፈራው የሚባል ጎልማሳ ነው። ጋቢናው ውስጥ እግሩ በጀሶ የታሰረ ወታደር ተቀምጧል። ከወንበሩ ኋላ ያለችው መደብ ላይ ጄሪካን እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ጭነቱ ላይ እንዳይወጣ፣ በዚያ ፀሐይና በዚያ ዳገት በሽተኛ አይተርፍም።

«አንድ ሰው ብቻ» አለ ሽፈራው።

ዘውዴ እሷን አየ። እኔን አየ። የቀረው እንደሚሞት ያውቅ ነበር።

«ሙሀባ፣ እህቴ፣ አንቺ ቅደሚ።»

«እሱ ይሂድ» አለች። «ሲጮህ አትሰሙትም? እኔ ሕመሙ ትቶኛል። በሚቀጥለው መኪና እሄዳለሁ።»

«ሙሀባ...»

«አልሄድም አልኩ። ሰው እያቃሰተ ጥዬው አልሄድም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እኔ አፌን ከፈትኩ። «እሷ ትሂድ» ልል ነበር... ይመስለኛል። ትውከቱ ቀደመኝ። ትንፋሼ እስኪመለስ ሁለት ሰዎች ብድግ አድርገው ጋቢናው ውስጥ አስገቡኝ፤ በሩም ተዘጋ።

ያ አረንጓዴ ነገር ባይቀድመኝ እል ነበር? እስከ ዛሬ አላውቅም።

መኪናው ዳገቱን ጀመረ። አርማንያን እስክናልፍ ድረስ ከጩኸቴ ሌላ የማስታውሰው የለም። ከዚያ ግን...

ከኋላዬ እጅ መጣ።

በትከሻዬ ላይ አልፎ ሆዴ ላይ አረፈ። በዚያ ሙቀት ቀዝቃዛ ነበር። ሕመሙ ረገብ አለ።

«አይዞህ ወንድሜ» አለኝ ድምፅ። የእሷ ድምፅ።

በመጨረሻ አሳፍረዋታል ብዬ ደስ አለኝ። በእውነት ነው የምላችሁ፤ ከሕመሙ ይልቅ እሷን ጥዬ መምጣቴ ነበር የከበደኝ።

«ጋሼ ሽፈራው... እሷንም ጫኗት እንዴ?»

«ማንን?»

«ሙሀባን። ከኋላ ያለችውን።»

ሽፈራው በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየ። እጁን ሰደደና መስተዋቱን ወደ ጣሪያው አዞረው።

ወታደሩ የተጎዳ እግሩን ሰበሰበ።

«ወንበሩን ከኋላ የሚገፋው ማነው?» አለ በቀስታ።



ደብረ ሲናን አለፍን። ብርዱ ጀመረ። ጉሙ በመስኮቱ ስንጥቅ ገባ፤ የሦስታችንም ትንፋሽ ከአፋችን እንደ ጢስ ይወጣል። ከኋላዬ ያለችው ጆሮዬ ሥር ታወራለች...

ከጆሮዬ ሥር ግን ትንፋሽ የሚባል አይወጣም። ምንም አይሞቅም።

«ደረስን?» ትለኛለች።

«ትንሽ ነው የቀረን እህቴ።»

«ደረስን?»

የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ገባን። የመኪናው መብራት ጉሙን አልፎ አላይ አለ። በዚያ ጭልምታ እጇ ሆዴን ጠበቅ አድርጎ ያዘና፣ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«እኔን ማን ያወርደኛል?»



ከዋሻው ስንወጣ እጇ የለም። ሕመሙ ተመለሰ።

ደብረ ብርሃን ሆስፒታል በር ላይ ሲያወርዱኝ አንገቴን አዙሬ አየሁ። ከወንበሩ ኋላ ጄሪካን እስከ ጣሪያው። ድመት የምታልፍበት ክፍተት የለም።

ሽፈራው የጋቢናውን በር ከፍቶ ይዞ ቆሟል። ሁላችንም ወርደን አለቅን፤ እሱ ግን በሩን አይዘጋም።

«ዝጋው እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለው ዘበኛው።

«እንጃ...» አለ ሽፈራው። «ገና የሚወርድ ሰው ያለ ይመስለኛል።»

በዚያው ቀን ቀደዱኝ። ሐኪሙ አንጀቴ ዞሮ ተቋጥሮ እንደነበር ነገረኝ። ትንሽ ብዘገይ ይበሰብስ ነበር አለ። አመስግን አለኝ።

ማንን እንደማመሰግን አውቅ ነበር።

ድኜ ሮቢት ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩት ክሊኒኩ ነው። ዘውዴ ሲያየኝ ደስ አለው፤ ግን ዓይኔን ማየት አልቻለም።

«ሁለተኛው መኪና ሳይመጣ...» ብሎ ተወው።

ለቅሶ ልደርስ ወደ ቤቷ ሄድኩ። አብዱልሃዲ ተነስቶ ተቀበለኝ። አቅፎ ሳመኝ። ቢቆጣ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«አንተ እንኳን ተረፍክ» አለ። «አላህ የጻፈው ነው። እሷስ መዳንህን ነበር የምትመኘው። እስከ መጨረሻው ስለ አንተ ነበር የምታወራው።»

«ምን እያለች?»

«ዓይኗን ጨፍና... አይዞህ ወንድሜ፣ አይዞህ ወንድሜ ትላለች። ደጋግማ ደረስን ወይ ትለኛለች። እዚሁ ነን እላታለሁ፤ አትሰማኝም።»

አንገቴን ደፋሁ። ያ የሚያስቀምጥ መድኃኒት እሱን፣ ያ መኪና እኔን እየከነከነን፣ ሁለታችንም አንድ መደብ ላይ ተቀመጥን።

ልሄድ ስነሳ የሙሀባ ታላቅ እህት ራቢዓ ተከትላኝ ወጣች። ከአጥሩ ጥግ ስንደርስ አስቆመችኝ።

«ለማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንዳትቀየመኝ።»

«ይጠይቁኝ እትዬ ራቢዓ።»

ወደ ቤቱ ዞር ብላ አየች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ያጠብኳት እኔ ነኝ። ከክሊኒኩ አልጋ አልተነሳችም፤ በምላጭ የነካት ሰው የለም። አይደል?»

«አዎ።»

«ሆዷ ላይ ስፌት ነበረ።»

ፀሐዩ አናቴ ላይ ነው። ላቤ ግን ቀዘቀዘ።

«በጥቁር ክር» አለች። «ከእንብርቷ በላይ ጀምሮ ወደ ታች። ትኩስ ስፌት። ለአብዱልሃዲ አልነገርኩትም... ከፈኑን ቶሎ ጠቀለልኩላት።»



«ያንተን አሳየኝ።»

ሸሚዜን ገለጥኩ። ራቢዓ ጎንበስ አለች። ጣቷን ሳታስነካኝ፣ ከላይ ወደ ታች በአየር ላይ ጠባሳውን ተከተለችው። ስፌቱ ወደ ግራ ጠመም ያለበት ቦታ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«እዚህ ጋ...» አለች። «የሷም እዚሁ ጋ ነው የጠመመው።»

ቀና ብላ ፊቴን አየችኝ። ከዚያ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ፣ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል፣ ወደ ኋላ... ወደ ኋላ እየተራመደች ገባች።