ለፋሲካ የተቀመጠ ኬክ

በሙቀቷ በምትታወቀው ጅቡቲ ኤሲ ጠጋኝ ከሐኪም እኩል ይከበራል። ኢዛናም ይህን ስለሚያውቅ ደንበኛን ማስለመን ይወድ ነበር። አንድ የእንግሊዞች ቤት ግን ሳይጠሩትም ይመጣ ጀመር።

«እኔ እኮ በብርድ ልሞት ነው፤ ምኑን ነው የምትጠግነው?» አለችው እንቁ አንድ ቀን፣ መሰላሉን እንደያዘችለት።

«እሱን እስካውቅ ነው የምመላለሰው» አላት ከላይ ሆኖ።

ሳቀች። ነገሩ በዚያው ሳቅ ተጀመረ።

እንቁ የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ እንግሊዞቹ ቤት እያደረች ትሠራለች። ኢዛና እዚያው ጅቡቲ ተወለደ፤ አያቱ በባቡሩ ዘመን መጥተው የቀሩ ናቸው። ዓመት ሙሉ ዓርብ ዓርብ ባሕር ዳር ተቀምጠው ሲያወሩ ይመሻል። ጋቦዴ ሰፈር ወዳለው የእናቱ ቤት ግን ወስዷት አያውቅም። «ቆይ፣ ይደርሳል» ይላታል። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሰው ፊት «የእኔ ናት» እንዲላት።

በ2006 ዓ.ም. የእኛም የፈረንጆቹም ፋሲካ አንድ ቀን ዋለ። እንግሊዞች ከፋሲካ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ የእናቶች እሑድ የሚሉት በዓል አላቸው፤ በዚያ ዓመት በእኛ ገብርኄር ላይ ዋለ። ቅዳሜ ማታ የቤቱ እመቤት ማዳም ዘቢብ የበዛበት ኬክ ጋገረች፤ አናቱ ላይም ከለውዝና ከስኳር ያድቦለቦለቻቸውን አሥራ አንድ ኳሶች ደረደረች።

«ሐዋርያት ናቸው። ይሁዳ የለበትም» አለች።

ከዚያ ለእንቁ የአገሯን ወግ ነገረቻት። ድሮ በሰው ቤት የሚያገለግሉ ልጃገረዶች በዚህ እሑድ ፈቃድ ይሰጣቸውና ይህን ኬክ ይዘው፣ ከመንገድ ዳር አበባ እየቀጠፉ ወደ እናታቸው ይሄዱ ነበር።

«ነገ ያንቺ ቀን ነው፤ ኬኩም ያንቺ» አለቻት።

ድሬዳዋ ደግሞ በአንድ ቀን ደርሰው የሚመለሱባት አይደለችም። እንቁ ለኢዛና ደወለች።

«የእኔ እናት ሩቅ ናት። ላንተ እናት ልውሰደው?»

«ቆይ...» ብሎ ጀመረና ተወው። «እሺ፣ ነይ» አለ በመጨረሻ።

በማግስቱ ከሰው አጥር ላይ የቀጠፈችውን ቀይ አበባ ከኬኩ ጋር ይዛ ጋቦዴ ደረሰች። የኢዛና እናት ወይዘሮ ዘቢደር ከበር ተቀብለው ወደ ሳሎን አስገቧት።

«ጾም መሆኑን አውቃለሁ እማማ፤ እንቁላልም ቅቤም አለበት። ግን ቶሎ አይበላሽም፤ ለፋሲካ ይቀመጥ።»

ወይዘሮ ዘቢደር ደስ አላቸው። «እኔ እኮ ኢዛና የቢሮ ሰው ናት ሲለኝ የምትኮራ መስላኝ ነበር።»

«የምን ቢሮ?»

«የእንግሊዞቹ ጸሐፊ ነሽ አላለኝም እንዴ?»

እንቁ ከእናቱ ኋላ የቆመውን ኢዛናን አየችው። አንድ ቃል ቢናገር ይበቃት ነበር። እሱ ግን አንጋጦ የጣሪያውን ማራገቢያ ያያል፤ ሊጠግነው የመጣ ይመስል።

«አይ እማማ፤ ቤታቸው ነው የምሠራው። አበስላለሁ፣ አጸዳለሁ። ይሄም የቤት ሠራተኞች ለእናታቸው የሚወስዱት ኬክ ነው።»

ወይዘሮ ዘቢደር ልጃቸውን ገላመጡት። ኬኩን ተቀብለው ብፌው ውስጥ አስቀመጡ።

«እኔም እሱን ያሳደግሁት የፈረንሳዮች ልብስ እየተኮስኩ ነው፤ ረስቶት ይሆናል። ለፋሲካ ነይና አንቺው ትቆርሽዋለሽ፣ ልጄ።»

ኢዛና እስከ ታክሲው ሸኛት።

«እንቁ፣ እኔ እኮ እማዬን ፈርቼ...»

«እሳቸውማ አላፈሩብኝም። ያፈርክብኝ አንተ ነህ።»

 እንባዋን እንዳያይባት ታክሲው ውስጥ ገባች።

ለሆሳዕና ማዳምን አስፈቅዳ ድሬዳዋ ሄደች። በፋሲካ ዕለት ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ፤ ማዳም ነበረች።

«ኢዛና ነጭ ለብሶ መጥቷል። በእንግዶቻችን ሁሉ ፊት ‹እጮኛዬን ልወስዳት ነው የመጣሁት› አለ። እንደሌለሽ ስነግረው አለቀሰ። ምን ልበለው?»

ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ቃል ነበር። ነገር ግን ልቧ በዚያ ማራገቢያ ላይ ቀርቷል።

«ፋሲካው አልፏል በይው» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ቁጣዋ ሳምንትም አልቆየ። ሲደውልላት አላነሳችም፤ መደወሉን ሲተው ደግሞ እሷ መደወል አፈረች። ወደ ጅቡቲም አልተመለሰችም። በሁለተኛው ዓመት ማግባቱን ሰማች፤ ለብዙ ቀን እህል አልበላ አላት።

በ2009 ዓ.ም. ሁለቱ ፋሲካዎች ዳግመኛ ገጠሙ። እንቁ ድሬዳዋ ላይ ትንሽ ኬክ ቤት ከፍታለች። በገብርኄር ዕለት ያንን ኬክ ጋግራ ኳሶቹን ስትደረድር እናቷ አጠገቧ ተቀምጠው ያያሉ።

«ለምን አሥራ አንድ ሆኑ?»

«ሐዋርያት ናቸው እማዬ። ይሁዳ የለበትም።»

«ጴጥሮስስ?»

«እሱማ አለበት።»

«እሱም እኮ በሰው ፊት አላውቀውም ብሎ ክዷል» አሉ እናቷ። «አልቅሶ ተመለሰና ይቅር ተባለ እንጂ።»

የእንቁ እጅ ኳሱን እንደያዘ ቀረ።

«ምነው ልጄ?»

«አልቅሶ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እውነት ነው፤ አልቅሶ ነበር።»

የመጨረሻዋን ኳስ ከቦታዋ አኖረች። ኬኩንም ለፋሲካ ብላ ብፌው ውስጥ አስቀመጠችው።