ውሃችንን አታስተርፉ

«ወይኔ! አሁንም ደገመው!» ሮዚና ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች።

ከትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክፍል ጀርባ፣ ማንጎው ሥር ተቀምጣለች። ድምፅ እንዳይወጣ ብለው ግድግዳውን ሁሉ በፍራሽ ቢሸፍኑትም ምንም የሚቀር ነገር የለም። ጊታሩ ይሰማል፣ ከበሮው ይሰማል፣ ረጅሙ የእንጨት መለከት ሲያጉረመርም ሆድ ድረስ ይገባል። ከሁሉም በላይ የወንድሟ ድምፅ ይሰማል። ድምፁስ ማር ነው። ጉዱ ያለው ምላሱ ላይ ነው።

ግጥሙን የጻፈችው ራሷ ናት። አምና የማዕድን ኩባንያው ከወንዙ ራስ ላይ መቆፈር ጀመረና ልጅ ሁሉ ሲዋኝበት ያደገው ኩሬ ጭቃ ሆኖ ቀረ። ያን ጊዜ ነው በቋንቋ ክፍለ ጊዜ ተናዳ የሞነጫጨረችው። አዝማቹ አንዲት መስመር ናት፤ «ውሃችንን አትንኩ»። በእነሱ ቋንቋ ይህን ለማለት ምላስ ወደ ኋላ ታጥፎ ላንቃን መንካት አለበት። ካልታጠፈ ቃሉ ሌላ ይሆናል። ወንድሟ ታዲያ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ከልቡ፣ ደረቱን ነፍቶ «ውሃችንን አታስተርፉ!» እያለ ይዘፍናል።

ኩባንያው ቢሰማ መርቆት ነበር።

በረንዳው ላይ ለቅርጫት የሚሆን ቅጠል የሚሰነጥቁት አክስት ዶሪን ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። «ጠብታ እንዳትተዉ እያላቸው እኮ ነው! ባልዲም እናውሳቸው ይሆን?»

«አክስቴ፣ በሞቴ ቀስ ይበሉ! ይሰማዎታል!»

«ምን አልኩ? የከተማ ምላስ ነው፤ ልጁ ምን ያድርግ!» አሉና አፋቸውን በቅጠሉ ሸፈኑ።

ሙቀቱ አናት ይበሳል። ደመናው ከሰማይ ተንጠልጥሎ ሳምንት ሞላው፤ አይዘንብ፣ አይሄድ። አሥር ሰዓት ላይ ትንሿ አውሮፕላን ትመጣለች። ድምፅ ቀራጯ ኬት የባንዱን ዘጠኝ ዘፈኖች ይዛ ወደ ዳርዊን ከተማ ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ አልበሙ አልበም ነው፤ ቃሏም እንደተሳሳተች ለዘላለም ትቀራለች።

ሄዳ ብትነግረውስ የሚል ሰው ካለ የዚህን አገር ወግ አያውቅም። ሮዚና አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ልጅነቷን ከጨረሰች ወዲህ ከወንድሟ ጋር ፊት ለፊት አትነጋገርም፤ ስሙን አትጠራም። እሱም የእሷን አይጠራም። ስለ እሷ ማውራት የግድ ከሆነበት «ያቺ ውዳቂ» ይላል። ይህ ስድብ አይደለም፤ እኅቱን የሚያከብር ወንድም የሚለው እንዲህ ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል መልእክት የሚያመላልሰው አያታቸው ሴልዊን ነው።

አያታቸው ሴልዊን አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። በዝምድና ሲቆጠር በእናታቸው እናት በኩል አያት ይሆናቸዋል። ጢም አላበቀለም፤ ቢሆንም አያት አያት ነው።

የእረፍት ሰዓት ሆኖ ሴልዊን መለከቱን ተሸክሞ ላቡን እየጠረገ ወጣ።

«አያቴ፣ ና እስቲ ወዲህ!»

«አቤት የልጅ ልጄ፣ ደግሞ ምን አጠፋሁ?»

«ሐሙስ ዕለት ነገርኩት ብለኸኝ አልነበር?»

«ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለህ?»

«እሺ አለ።»

«እሺ ያለ ሰው ዘጠኝ ጊዜ ይሳሳታል? እስቲ ዐይን ዐይኔን እያየህ ድገመው።»

ሴልዊን ዐይኗን ትቶ መሬት መሬቱን አየ። በእግሩ ጣት ቀዩን አፈር ጫር ጫር አደረገ። «አልነገርኩትም» አለ በመጨረሻ።

«አንተ ውሸታም ሽማግሌ!»

«ፈርቼ ነዋ! አምና ለቅሶ ላይ አንዲት ቃል ቢሳሳት ሳቁበት፤ ምን እንዳደረገ ረሳሽው? በማግስቱ ጊታሩን አንጠልጥሎ ዳርዊን! አራት ወር ሙሉ! አሁንም ከነካካነው ይሄዳል። እሱ ከሄደ ደግሞ ባንድ የለ፣ አልበም የለ። ለአንዲት ቃል ብለሽ ነው? የከተማው ሰው እንደሆነ አይሰማው።»

«አክስት ዶሪን ግን ይሰማሉ። ኩሬው ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ይሰማል። እኔም እሰማለሁ፤ የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ!»

ሴልዊን መለከቱን ከትከሻው አወረደ። ሮዚናም ተነሥታ ዛፉን ዞረች፤ ተቀመጠች፤ መልሳ ተነሣች። ዝም ብትል የገዛ ቃሏ መሳቂያ ሊሆን ነው። ብትናገር ደግሞ ወንድሟን ልታጣ ነው። እነዚያ አራት ወሮች ትዝ አሏት። አይነጋገሩም እንጂ ጠዋት ጠዋት በግድግዳው በኩል ጊታሩን ስትሰማ ቤቱ ሰው እንዳለበት ታውቅ ነበር። ሲሄድ ጠዋቱ ሁሉ ጭር አለባት። ናፍቃው አልቅሳለች፤ ለማንም ግን አልነገረችም።

ደግሞስ ቋንቋውን እሱ መች ጣለው! በአሥራ አንድ ዓመቱ ነው ወደ ሩቅ አዳሪ ትምህርት ቤት የላኩት። ከዚያ በፊት ምላሱ ከማንም የተባ ነበር። እንዲያውም ያችን ድምፅ ያስተማራት እሱ ነው። እሷ የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ምላሷ አልታጠፍ ብሎ ልጆች ሲያሾፉባት፣ ከኩሬው ዳር የዱር ፕሪም ለቅሞ መጣ። አብረው መጠጡ። ከዚያ ዘሯን አሳያትና «በምላስሽ ጫፍ ላንቃሽ ላይ ያዣት፤ ከወደቀች ተሸነፍሽ» አላት። እስኪመሻሽ ድረስ ሲጫወቱ ዋሉ። ወደ ቤት ስትመለስ ቃሏን እየጮኸች ነበር።

ሮዚና ሄዳ መስኮቱን አንኳኳች። «ኬት፣ አዝማቹ ላይ የሴት ድምፅ ይግባበት። እኔ ልዝፈነው።»

ኬት ሰዓቷን አየች። «ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን እኮ ነው። ለመሆኑ ለምን ዝም ብለሽ ለወንድምሽ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። እዚህ ከመጣች ሰባት ሳምንቷ ነው። «እሺ፣ ገባኝ። በየትኛው በር ትገቢያለሽ?»

ሮዚና በሰሜኑ በር ስትገባ ወንድሟ የጆሮ ማዳመጫውን ከነረጅም ሽቦው ይዞ በደቡቡ በር ወጣ። እሱ በደቡቡ በረንዳ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ፤ እሷም ፊቷን ወደ ፍራሹ አዞረች። ሴልዊን መለከቱን ነፋ።

መጀመሪያ ልክ እንደ ዜማው ዘፈነችው። ሁለተኛውን አዘገመችው፤ ቃሏ ጋ ስትደርስ ምላሷን አጥፋ ላንቃዋ ላይ አቆየችው። በሦስተኛው ሌላውን ሁሉ ትታ ያችን አንዲት ቃል ብቻ፣ ቀስ አድርጋ፣ ለአራት ዓመት ልጅ እንደሚሉት አለቻት።

ከውጭ ማዳመጫው አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ከዚያ እግር ደረጃውን ወረደ። አንድ ውሻ ጮኸ።

«ወዴት እየሄደ ነው?» አለች ሳትዞር።

ሴልዊን በመስኮት አየ። «እንጃ። ወደ ጫካው ነው። አላልኩሽም? አላልኩሽም?» ብሎ መለከቱን ጥሎ ተከተለው።

ሮዚና ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። «አበላሸሁት» አለች፤ እንባዋም መጣ። ኬት ሽቦ ትጠቀልላለች።

ሴልዊን ሲመለስ ያለከልካል። «የልጅ ልጄ፣ ወንድምሽ አብዷል መሰለኝ። ባናግረው ባናግረው አይመልስም፤ አፉ ውስጥ የሆነ ነገር ይዟል። ብቻ ይህችን ለያቺ ውዳቂ ስጣት ብሎ በእጁ ጠቆመኝ።»

መዳፉን ከፈተ። አንዲት አረንጓዴ የዱር ፕሪም ነበረች።

ሮዚና ሳቀች፤ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ሴልዊን ግን ምኑም አልገባውም።

«ስሚኝማ» አለች ኬት፣ «ያንቺው ድምፅ ድንቅ ነው። አዝማቹን ባንቺ አድርገን እንጨርስ። አሁን ዘጠኝ ተኩል ሆኗል፤ እሱ ደግሞ እንደገና ቢሳሳት ለሌላ ሙከራ ጊዜ የለንም።»

ሮዚና ፕሪሟን በጣቶቿ መካከል አገላበጠቻት። እውነቷን ነው፤ የእሷ ድምፅ ልክ ነው። ከሩቅ የሞተር ድምፅ የሰማች መሰላት።

«የእኔን አጥፊው» አለች። «እሱ ይድገመው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አጥፊው።»

በሰሜኑ በር ወጥታ ወደ ማንጎዋ ተመለሰች፤ ጀርባዋንም ለግድግዳው ሰጥታ ተቀመጠች። አክስት ዶሪን መሰንጠቁን ትተው ጆሯቸውን አቁመዋል። የደቡቡ በር ተከፍቶ ሲዘጋ፣ መለከቱም ማጉረምረም ሲጀምር፣ ሮዚና ፕሪሟን መጥጣ ጨረሰችና ዘሯን ላንቃዋ ላይ ያዘቻት።