በርጩማው የነበረበት ጎን

አሞስ ኮልቪን በላሞቹ በረት ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘው የሴኔት ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ንጋት ላይ ነበር። ማጅራቱን በአካፋ ተመትቷል። ከሥሩ የተገኘው ባልዲ የወተት ጠብታ አልነካውም።

ሸሪፍ ቶራ ሊንድ ባሏ ሲዘምት ሥራውን የተረከበች ሴት ናት። ሬሳውን አይታ ስትጨርስ ወደ ላሟ ዞረች። ኦሊቭ ግቷ ጎድሎ በእርጋታ ታመሰኳለች። በግራ ጎኗ በርጩማ፣ ከበርጩማው አጠገብ በጨርቅ የተሸፈነ ባልዲ ሙሉ ወተት አለ።

«ማን አለባት?»

«እኔ እንጃ፤ ስደርስ እንዲሁ ነበር» አለች የሟቹ ሚስት ዶርካስ።

በዚያ ቤት እንግዶች አድረው ነበር። ቤንዚን በራሽን ሆኗልና ለሴኔቱ የሚወዳደረው ሌላንድ ሃስኬትና የቅስቀሳ ኃላፊው ፔል የሚያድሩት በየገበሬው ቤት ነው። ጎረቤቱ ጎትሊብ ራይሰር ደግሞ በእራት ሰዓት መጥቶ ከአሞስ ጋር ተሰዳድበዋል፤ አሞስ የምልመላ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆኖ የራይሰርን ሁለት ልጆች ወደ ጦር ሜዳ ልኮበታል። ራይሰር ቤቱ ውስጥ ጀርመንኛ ይናገራል። ለከተማው ሰው ይኸው በቂ ነበር። እስር ቤቱ ደጃፍ ላይ ገመድ የያዙ ሰዎች ተሰብስበዋል።

«ገደልከው እንዴ ጎትሊብ?» አለችው ቶራ በፍርግርጉ በኩል።

«ቀደሙኝ እንጂ።» ቀኝ እጁን አሳያት፤ የበቆሎ ማሽን አራት ጣቶቹን ወስዷቸዋል። «ልጆቼ ከሄዱ ወዲህ ላም የምታልበው ሚስቴ ናት። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አጫውታታለሁ።»

«ታጫውታታለህ ወይስ ትነጫነጭባታለህ?»

«እሷም እንዲሁ ነው የምትለው።»

«እስከ ማታ ታገስ። ቁልፉን ይዤ እመጣለሁ።»

ፔል ላብ ላብ እያለው ነበር። «እኔ ወተት የማውቀው በጠርሙስ ነው፣ እመቤቴ።»

«ራይሰር ከሄደ በኋላ አሞስ ምን አለ?»

«ከኔ አልሰማሽም። የሃስኬትን ልጅ ‹ለእርሻ ያስፈልጋል› ብሎ ከዘመቻ አስቀርቶት ነበር። ልጁ ማረሻ ነክቶ አያውቅም። አሞስ የራሱን ልጅ ዌንደልንም እንዲሁ አስቀርቶታል። ነገሩ ከታወቀ ሁለቱም ይዘምታሉ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እናዘዛለሁ አለ።»

ከቀትር በኋላ ቶራ ሁሉንም በረቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የአሞስ ባልዲ ደረቅ ነው» አለች። «ማለብ ሳይጀምር ነው የሞተው። ላሟን ያለባት ታዲያ ገዳዩ ነው። ግቷ ሞልቶ እምቧ ስትል፣ እርሻ ላይ ያደገ ሰው ጥሏት መሄድ አይሆንለትም። ወተቱን እንኳ ዝንብ እንዳይገባበት ሸፍኖታል። ፔል ማለብ አያውቅም። ራይሰር ጣት የለውም። ዶርካስና ዌንደል እንደ አገሩ ሰው ሁሉ በላሟ ቀኝ ነው የሚቀመጡት።»

በረቱ በር ላይ ወደተለጠፈው የምርጫ ሥዕል ጠቆመች። ሃስኬት እጅጌውን ሰብስቦ ላም ያልባል፤ በግራ ጎን ተቀምጦ።

«ይኸ ሲለጠፍ አገሩ በሙሉ ስቆብዎታል።»

«ግራኝ ነኝ» አለ ሃስኬት። ዓይኑ ላሟ ላይ ቀረ። «ዝም አልል አለች» ሲል አከለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

«እሱ ምንም አላለም» አለ ፔል ፈጥኖ። «ባልሽ የተቀናቃኛችን ፓርቲ ሰው ነው፣ ሸሪፍ። ያንቺን ቃል ማን ይሰማል?»

«ወይዘሮ ዶርካስ ከኔ በፊት አይታዋለች። በርጩማው የት እንደነበር ለዳኛው ትነግርልኛለች።»

ዶርካስ ዌንደልን አየችው። ከዚያ በበሩ በኩል የቤቱን መስኮት አየች፤ በጦርነቱ ለሞተው ታላቅየው ልጇ የተሰጣት የወርቅ ኮከብ እዚያ ተሰቅሏል። በርጩማውን አነሳች፣ ላሟን ዞረች፣ በቀኝ ጎን አስቀምጣ ተቀመጠችና ግንባሯን የኦሊቭ ሆድ ላይ አስደገፈች።

«እኔ ያየሁት እዚህ ነው» አለች።

ወተቱ ባልዲው ውስጥ መንቆርቆር ጀመረ። ሃስኬት ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

እስር ቤቱ ደጃፍ ላይ ሰዉ በዝቷል። ራይሰር ሚስቱ አጥባ የላከችለትን ሸሚዝ ለብሶ፣ ቆሞ ጠበቃት።

«አገኘሽው?»

«አገኘሁት» አለች ቶራ።

ራይሰር ወገቧ ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ አየ። እጇ ወደዚያ አልሄደም። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።