በሰባተኛው ጎጆ የነበሩት ሁለት እንቁላሎች

ቬልማ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ እዚሁ ፎክላንድ ደሴቶች፣ ከባሕሩ ገደል በላይ ባለው የበጎች እርባታ ውስጥ ነው። ጥያቄ አያልቅባትም። አባቷ፣ "አንቺ ልጅ፣ አፍሽ አይደክመውም?" እያለ ይስቅባት ነበር።

ጎረቤታቸው እትዬ ኦሪሳ ገደሉ ላይ ጎጆ ሠርተው የሚፈለፍሉትን ፔንግዊኖች በየዓመቱ እየቆጠሩ፣ ለየጎጆውም ቁጥር እየሰጡ ይመዘግባሉ። በኅዳር አንድ ቀን ቬልማን ይዘዋት ወጡ።

"እትዬ፣ ይቺ የሰባተኛው ጎጆ ፔንግዊን ለምን አንዱን እንቁላል ትልቅ፣ አንዱን ትንሽ አደረገችው?"

"ሁሉም እንደዚያው ናቸው። መጀመሪያ ትንሹን ትጥላለች፤ ከአራት ቀን በኋላ ትልቁን። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚፈለፈለው ግን ትልቁ ነው።"

"ኋላ መጥቶ ይቀድማል? ትንሹስ?"

"ትንሹ እምብዛም አያድግም። በይ፣ ከዚህ ድንጋይ እንዳታልፊ! እናትየው ከተነሳች ነጣቂ ወፍ ይመጣል።"

ልጆች፣ ለእንቁላል አዝናችሁ ታውቃላችሁ? ቬልማ አዘነች። "ሙቀት አንሶት ይሆናል። ወደ መሃል ባስጠጋውስ?" ብላ አሰበች።

በማግስቱ ብቻዋን ሄደች። ድንጋዩን አለፈች። እጇን ወደ ሰባተኛው ጎጆ ስትሰድ ፔንግዊኗ በምንቃሯ ነከሰቻት፤ ብድግም አለች። ትልቁ እንቁላል ተንከባለለ። ቡናማው ነጣቂ ወፍ ከየት መጣ ሳይባል እንቁላሉን ይዞ በረረ።

"እጅሽን ምን ነካው?" አለ አባቷ።

"ሽቦ ቧጨረኝ" አለች ቬልማ።

ከሁለት ቀን በኋላ እትዬ ኦሪሳ እየተጣደፉ መጡ። "ጉድ እኮ ነው! የሚጠፋው ሁልጊዜ ትንሹ ነበር። ሰባተኛዋ ግን ትልቁ ጠፍቶ ትንሹን ታቅፋለች! ይህንንማ ፔንግዊኖችን ለሚያጠኑት ሰዎች እጽፋለሁ።" ደብተራቸውን ዘርግተው እስክሪብቶ አነሡ።

ቬልማ እስክሪብቶውን አየች።

"አይጻፉት፣ እትዬ! እኔ ነኝ። ድንጋዩን አለፍኩ። ወፉ ወሰደው። ለአባዬም ዋሸሁት።"

ቬልማ ይቆጡኛል ብላ አንገቷን ደፋች። እትዬ ኦሪሳ ግን እስክሪብቶውን ሰጧት። "እንግዲያው የሆነውን አንቺው ጻፊ።"

እንባዋን እየጠረገች ጻፈች፦ "ትልቁን እንቁላል ያስጠፋሁት እኔ ቬልማ ነኝ።" ከዚያ ሄዳ አባቷን ይቅርታ ጠየቀች። እግዚአብሔርንም።

የገና በዓል ሲቃረብ እትዬ ኦሪሳ ጠሯት። ከድንጋዩ ወዲህ ሆነው አዩ። ትንሹ እንቁላል ተፈልፍሏል! ጫጩቱ ኮስማና ነው፤ የሚሻማው ስለሌለ ግን እናቱ ያመጣችውን ሁሉ ብቻውን ይውጣል።

"እትዬ፣ ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን?"

"ሁለቱንም፣ ልጄ" አሉና ይህንንም እንድትጽፍ ደብተሩን አቀበሏት።

ልጆቼ፣ ለማወቅ መጓጓት መልካም ነው፤ ያጠፋነውን መደበቅ ግን ሌላውንም ሰው ያሳስታልና፣ ስናጠፋ ሳንዘገይ እውነቱን እንናገር።